የአያቶቻችንን ድምፅ በምን እንቅዳ? ስለ ተንቀሳቃሽ የድምፅ መቅረጫዎችና ስለ ማይክሮፎን መግቢያቸው የተደረገ ጥናት

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፤ እኛ በሐዴራ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባህልና የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ነን። ተወልደን ያደግነው እዚሁ እስራኤል ነው፤ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ አማርኛችን እንደ እናንተ አማርኛ ባይጣፍጥ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዘንድሮ የተሰጠን ሥራ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት እናት ታሪክ በድምፅ ቀድተን፣ ወደ ጽሑፍ ገልብጠን በዚህ መጽሔት ማውጣት ነበር። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን አንድ ስህተት ሠራን። ይህን ጥናት ያጠናነው በዚያ ስህተት ምክንያት ስለሆነ በመጀመሪያ እሱን እንነግራችኋለን።

የተሳሳትነው አንድ ፊደል

ከክፍላችን ልጆች የአንዷ አያት በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤታቸው ሄደን ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። ስልካችንን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥነው፤ አባባ የተቀመጡት ከስልኩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ነበር። ማዝጋኑ ይሠራል፣ ማቀዝቀዣው ከወጥ ቤት ያጉረመርማል፣ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። እኛ ግን ይህን ሁሉ ልብ አላልንም። አባባ ከአንድ ሰዓት በላይ አጫወቱን።

ከዚያ ቁጭ ብለን ገለበጥነው። ስለ ሱዳኑ መጠለያ ሲናገሩ «ታናሽ ወንድሜ እዚያ ተከበረ» ያሉ መሰለን፤ እንደዚያው ጻፍነው። እንዲያውም ደስ አለን፤ በስደት ላይ ሆኖ የተከበረ ሰው ነበር ማለት ነው ብለን። ጽሑፉን ወላጆች በተሰበሰቡበት ምሽት አነበብነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። የልጅቷ አያት ሴት ቀስ ብለው ተነሡና «ልጆቼ፣ ተከበረ አይደለም፤ ተቀበረ ነው» አሉን።

አንድ ፊደል ብቻ ነው የተሳሳትነው። ግን የአንድ ልጅ ሞት ከታሪኩ ውስጥ ጠፍቶ በቦታው ክብር ገብቶ ነበር። በጣም አፈርን።

ጥፋቱ የጆሯችን ነው ወይስ የመሣሪያው?

በመጀመሪያ ጥፋቱ የጆሯችን ነው አልን። እውነትም አለበት። በዛሬው ዕብራይስጥ ቆፍና ካፍ በድምፅ አይለዩም፤ ቴትና ታቭም እንደዚያው። ስለዚህ እኛ «ቀ»ን እና «ከ»ን፣ «ጠ»ን እና «ተ»ን መለየት ያስቸግረናል። እናንተ «ቄስ» ስትሉ እኛ «ኬስ» እንላለን። «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» ለናንተ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ለኛ ግን ጎረቤቶች ናቸው።

ነገር ግን ያንኑ ቅጂ አማርኛ አፋቸውን ለፈቱበት ለአንዲት እናት አሰማናቸው። ደጋግመው ካዳመጡ በኋላ «ታሪኩን ስለማውቀው ነው እንጂ ከዚህስ አይለይም» አሉን። ያን ጊዜ ግማሹ ጥፋት የቀረጻው መሆኑ ገባን።

ምክንያቱ ይህ ነው። «ከ» ስንል ከፊደሉ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ይወጣል። «ቀ» ስንል ግን ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከፊደሉ በኋላ በጣም አጭር ጸጥታ ይኖራል። ጆሮ ሁለቱን የሚለየው በዚያች ቅጽበት ነው። ማዝጋኑና ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርሙ፣ ግድግዳውና ወለሉ ሲያስተጋቡ ያቺ ትንሽ ጸጥታ በሌላ ድምፅ ትሞላለች። ያን ጊዜ «ቀበረ» «ከበረ» ይመስላል። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ፊደላት ደግሞ የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ነው። የድሮ ስልክ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ስለማያሳልፍ ነው ሰዎች በስልክ ስማቸውን ሲናገሩ ፊደል በፊደል የሚያስረዱት።

በአማርኛ ውሃም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል። ይህን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው፤ በዕብራይስጥ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እናቶቻችን ከምንጭ ውሃ ሲቀዱ እንስራውን አስቀድመው ያጥቡት እንደነበር ነግረውናል። እኛ ግን ባልታጠበ እንስራ ቀድተን ነበር።

ከእኛ በፊት የቀዱ ሰዎች

የቤተ እስራኤልን ድምፅ ለመቅዳት የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው በኢትዮጵያ የቀዳው የጸሎት ዜማ በ1951 በአሜሪካ ፎልክዌይስ በተባለው ድርጅት በሸክላ ታትሟል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የተባለችው የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 ጎንደር አካባቢ በአምቦበር መንደር የቄሶችን ጸሎት ቀድታለች። በ1986 ደግሞ ሲምሓ አሮምና ባልደረቦቹ እዚህ እስራኤል ውስጥ የቄሶቻችንን የግዕዝ ጸሎት በሰፊው ቀዱ። ከዚያ ሥራ የተመረጠው በ2019 በኢየሩሳሌም ከዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማዕከል ወጥቷል።

ከነዚህ ቄሶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ግን አለ። ያንን ስናስብ አንድ ነገር ተረዳን። እነዚያ ሰዎች የሄዱት በጥሩ መሣሪያና በጥሩ ማይክሮፎን ነው፤ መሣሪያውም ከባድ ነበር። ዛሬ ግን ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ ያንን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የትኛው እንደሚሻል ማወቅ አለብን።

ሦስት ዓይነት መሣሪያ

የመጀመሪያው ዓይነት ትንሹ መቅረጫ ነው። ማይክሮፎኑ ከራሱ ጋር የተሠራ ነው። ውጫዊ ማይክሮፎን ለመሰካት የሚያገለግለው ቀዳዳ 3.5 ሚሊሜትር ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ማለት ነው። በ2010 የወጣው ዙም ኤች 1 ከዚህ ዓይነት ነው፤ የሚሠራው በአንድ ባትሪ ድንጋይ ነው። ቀላል፣ ርካሽና ለሽማግሌዎች የማያስፈራ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በእጅ የሚያዝ ሆኖ የባለሙያ ማይክሮፎን መግቢያ ያለው ነው። ይህ መግቢያ ኤክስ ኤል አር ይባላል፤ ክብ ሆኖ ሦስት እግሮች ያሉት ሶኬት ነው። በሬዲዮ ጣቢያ፣ በሠርግ አዳራሽና በመድረክ የምታዩት ወፍራም የማይክሮፎን ገመድ የሚሰካው እዚያ ላይ ነው። በ2009 የወጣው ዙም ኤች 4ኤን እና በ2011 የወጣው ታስካም ዲአር-40 ሁለት ሁለት መግቢያ አላቸው። በ2013 የወጣው ዙም ኤች 6 አራት አለው፤ ስለዚህ አራት ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ማይክሮፎን መስጠት ይቻላል።

ሦስተኛው ዓይነት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣ ነው። በ2022 የወጣው ዙም ኤፍ 3 እና በ2024 የወጡት ኤች 4 ኢሰንሻል እና ኤች 6 ኢሰንሻል ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ቀረጻ ናቸው። ጥቅሙን ከዚህ በታች ስለ ነጋሪት ስንናገር እናስረዳለን።

የሚዛኑ ገመድ

የኤክስ ኤል አር ገመድ ለምን ይሻላል? አስተማሪያችን ሲያስረዱን በመጀመሪያ አልገባንም ነበር። በኋላ የገባን በገበያ ሚዛን ምሳሌ ነው።

ከማይክሮፎን የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ ከቮልት ሺኛ እጅ ጥቂቱ ነው። መንገድ ላይ ያሉት የመብራት ገመዶችና ስልኮች በቀላሉ ይረብሹታል። በትንሹ ቀዳዳ በሚሰካው ገመድ ውስጥ ድምፁ የሚሄደው በአንድ ሽቦ ነው። ስለዚህ በመንገድ የገባው ረብሻ ከድምፁ ጋር ተቀላቅሎ ይደርሳል። በኤክስ ኤል አር ገመድ ግን ድምፁ የሚሄደው በሁለት ሽቦዎች ነው፤ በአንደኛው እንዳለ፣ በሁለተኛው ተገልብጦ። ሦስተኛው ሽቦ መከላከያ ነው። ረብሻው ሲመጣ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ይነካቸዋል። መሣሪያው መጨረሻ ላይ የሚወስደው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በሚዛን ሁለት ሳህኖች ላይ እኩል አፈር ቢወድቅ መርፌው አይነቃነቅም፤ ልክ እንደዚያ ረብሻው ይጣፋል፣ ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ ገመዱ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ቢረዝም ችግር የለውም።

ሌላው ጥቅም ኃይል መስጠቱ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። የኤክስ ኤል አር መግቢያ 48 ቮልት በዚያው ገመድ ይልክለታል፤ ይህም ፋንተም ፓወር ይባላል። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክሮፎን ግን ይህ ኃይል አያስፈልገውም። ከ1966 ጀምሮ የሚታወቀው፣ ዘፋኞች በእጃቸው የሚይዙት ሹር ኤስኤም 58 ዳይናሚክ ነው። ቢወድቅም በቀላሉ አይበላሽም፤ ነገር ግን ድምፁ ደካማ ስለሆነ መሣሪያው ብዙ ማጉላት አለበት። ማጉያው ርካሽ ከሆነ ሲጎላ «ሽ...» የሚል ድምፅ ይጨምራል። መሣሪያ ስትገዙ የመግቢያውን ቅርጽ ብቻ አትዩ፤ ድምፁን አጉልታችሁ ያንን «ሽ» አዳምጡ።

እኛ ያደረግነው ሙከራ

ሁለት መሣሪያዎች ተውሰን ሞከርን። አንዱ ትንሹ ዓይነት፣ ሌላው ኤክስ ኤል አር መግቢያ ያለው ነበር። የአንዲት ተማሪ እናት «ቀበረ፣ ከበረ፣ መጣ፣ መታ፣ ጠራ፣ ተራ» እያሉ ቅደም ተከተሉን እየለዋወጡ አነበቡልን። እኛ ፊታቸውን ሳናይ ከቅጂው ብቻ ጻፍን።

የመጀመሪያው ውጤት አስገረመን። ውዱን መሣሪያ ከሩቅ ካስቀመጥነው ከስልካችን ብዙም አልተሻለም። ትንሹን መሣሪያ ግን በታጠፈ ጋቢ ላይ አድርገን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ስናስቀምጠው ፊደሎቹ ተለዩልን። ምክንያቱን በፊዚክስ ትምህርት አግኝተነዋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም 6 ዲሲብል ነው። ከሁለት ሜትር ወደ ሩብ ሜትር ብንቀርብ 18 ዲሲብል እናተርፋለን። የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መጠጋት ከገንዘብ ይበልጣል።

ሁለተኛው ውጤት የታየው እናትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው። በትንሹ መሣሪያ ዝቅ ያለው ንግግር በራሱ በመሣሪያው «ሽ» ውስጥ ሰጠመ። በኤክስ ኤል አር መግቢያው በኩል ከጥሩ ማይክሮፎን ጋር ስንቀዳው ግን ሹክሹክታው እንኳን ጥርት ብሎ ወጣ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጮክ ብሎ ለሚናገር ሰው ትንሹ መሣሪያ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው አይበቃም።

ሦስተኛው ነገር የክብር ጉዳይ ነው። ትልቅ ማይክሮፎን ከነማቆሚያው ፊታቸው ስናቆም እናትየዋ እንደ ዜና አንባቢ ደረቅ ብለው መናገር ጀመሩ። ልብስ ላይ የሚቆነጠጠውን ትንሽ ማይክሮፎን ስናደርግላቸው ረሱትና እንደ ልባቸው አጫወቱን። ነጠላቸው ማይክሮፎኑን ሲነካው ግን ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ነጠላው ላይ ሳይሆን ከነጠላው ውጪ ቀሚሱ ላይ መቆንጠጥ ይሻላል። ቡናንም በተመለከተ ተማርን፤ ስኒ ሲንኳኳ ቃል ይሸፍናል። የተስማማነው አቦሉ ከቀረጻው በፊት፣ ቶናውና በረካው ከቀረጻው በኋላ እንዲሆን ነው። ከእንግዲህ ቡና አቋርጠን አናስነሣችሁም።

ነጋሪትና ቃጭል

የቄሶቻችንን ጸሎት መቅዳት ከጨዋታ ይከብዳል። አንዱ ቄስ ብቻቸውን በዝቅተኛ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ነጋሪትና ቃጭል ሲጨመር ድምፁ በአንዴ ያድጋል። በዲጂታል ቀረጻ ውስጥ ለድምፅ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ለነጋሪቱ ብለን ዝቅ ካደረግነው የቄሱ ጅማሬ ይጠፋል፤ ለቄሱ ብለን ከፍ ካደረግነው ነጋሪቱ ይሰነጠቃል።

የተለመደው መፍትሔ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዲሲብል ያህል ዝቅ እንዲል ማስተካከል ነው። እንደ ታስካም ዲአር-40 ያሉት ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ ሁለተኛው ለጥንቃቄ ዝቅ ያለ ነው። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ግን ጣሪያውን በጣም ከፍ ስለሚያደርገው በፋይሉ ውስጥ ሹክሹክታውም ነጋሪቱም ሳይቆረጡ ይቀመጣሉ፤ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል። ማይክሮፎኑ ራሱ ድምፁን መሸከም ከቻለ ማለት ነው። እንደ እኛ ላለ ጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

የሲግድ በዓል በሕሽዋን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ይከበራል፤ ከ2008 ጀምሮም በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናፂቭ ጸሎቱ የሚደረገው ሜዳ ላይ ስለሆነ ነፋስ ማይክሮፎኑን ይመታዋል። ለዚህም ስፖንጅ ወይም ጠጉራም የነፋስ መከላከያ ያስፈልጋል። በሰንበት ግን አንቀዳም፤ ይህን ማንም ማሳሰብ አያስፈልገውም።

ቅጂው እንዳይጠፋ

ድምፁን ስንቀዳ የምንመርጠው ዌቭ የሚባለውን ዓይነት ነው፤ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት። በሁለት መስመር ሲሆን በሰዓት አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ 32 ጊጋባይት ካርድ ለ30 ሰዓት ያህል ይበቃል። ኤምፒ 3 የሚባለው ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ግን ትንሽ የሚሆነው ከድምፁ ላይ እየጣለ ነው፤ የጣለውን አይመልስም። ለዘመድ ለመላክ ይሁን እንጂ ለማስቀመጥ አይሁን።

ፋይሉን በሦስት ቦታ እናስቀምጣለን፤ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጪ መሆን አለበት። በቀረጻው መጀመሪያ ላይም የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ እንናገራለን። ካሴት ያላችሁ ወላጆችም እንዳትጥሉት እንለምናለን። ከኢትዮጵያ በድምፅ የተላከላችሁ የዘመድ ደብዳቤ በአሮጌ ካሴት ላይ ቢኖር አምጡልን፤ በዚያው መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጠዋለን፤ ካሴቱንም እንመልስላችኋለን።

ለማጠቃለል

በጥናታችን መሠረት የምንመክረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ፣ መጠጋት። ሁለተኛ፣ ማዝጋኑን መዝጋት፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል መምረጥ። ሦስተኛ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መቅዳት። አራተኛ፣ የኤክስ ኤል አር መግቢያ ያለው መሣሪያ ከጥሩ ማይክሮፎን ጋር። ገንዘብ ላነሰው ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ብዙ ወጪ ይገኛሉ። ለትምህርት ቤትና ለማትናስ ግን አራተኛው እንዲገዛ እንጠይቃለን፤ አንድ መሣሪያ ብዙ ቤተሰብ ሊያገለግል ይችላል።

በመጨረሻም ወደ አባባ ቤት ተመልሰን ሄድን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። አልተቆጡንም። «እንደገና እንጫወት» አሉን። ማዝጋኑን ዘጋን፣ አቦሉን ጠጣን፣ ማይክሮፎኑን ከሸሚዛቸው ላይ ቆነጠጥን። ያ ቦታ ሲደርስ ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ። ከአጠገባቸው የተቀመጥነው እንኳን በደንብ አልሰማናቸውም። በጆሮ ማዳመጫው ግን ከ«ቀ» በኋላ ያለችው አጭር ጸጥታ ሳትቀር ተሰማች፤ «ተቀበረ»።

ቀረጻውን ስናቆም አባባ እንዲህ አሉን፦ «ጥፋቱ የናንተ ብቻ አይደለም ልጆቼ። ያችን ቃል እኔም ጮክ ብዬ ተናግሬያት አላውቅም።»

በዚህ ምክንያት ነው ጥሩ መሣሪያ የምንፈልገው። ከባዱ ቃል የሚነገረው በዝቅተኛ ድምፅ መሆኑን አሁን አውቀናል። የአባባ ታናሽ ወንድም ስምም በዚህ ጊዜ ተነገረን፤ ቤተሰቡ እንዲይዘው ከቅጂው ጋር ሰጥተናል።

ውድ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፤ በራችንን ሳይሆን በራችሁን እንድትከፍቱልን እንለምናለን። እኛ እንስራውን አጥበን እንመጣለን፤ ምንጩ ግን እናንተ ናችሁ።